እንግዳው ብቻውን እስኪቀር

ባለፈው ጥቅምት ለአንዲት ዘመዴ ለቅሶ ሞጣ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ነው። ወንበር ስላልበቃ የሰፈሩ ወጣቶች ከትምህርት ቤቱ አግዳሚ እያወጡ ያመጣሉ፤ እኔም ላግዝ ብዬ ወደ አንዱ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳውን ሰው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎት ገና አልደረቀም። ያ የረጠበ ጠመኔ ሽታ ሲመጣብኝ አግዳሚውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለሌላ ሰው የትምህርት ቤት ሽታ ነው። ለእኔ ግን አባቴ ሌላ ሴት ይዟል ብለን እኔና እናቴ አንድ በጋ ሙሉ የተከታተልነው ሽታ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቢቸና ነው። አባቴ አበጀ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ አካፋውን፣ ጎማውን፣ የቢሮ ወንበሩን ተረክቦ የሚያስረክብ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፀሐይም ቢሆን ጃኬቱን የማያወልቅ ሰው። እናቴ እናኑ በራችን ላይ ትንሽ የጨርቅና የክር ሱቅ ነበራት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ከአባቷ ቤት ሴቶች እዚያ የደረሰች እሷ ብቻ ናት፣ ይህንንም አትረሳውም። እኔ ስመኝ እባላለሁ፤ የሁለቱ ብቸኛ ልጅ፣ አራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ «መስክ አለብኝ» እያለ ወደ ሞጣ መሄድ አመጣ። መስክ ስትባል እኔ የማውቃት ከብት የሚውልባት ሣር ነች። አባዬን በጃኬት ሣር ላይ ተቀምጦ አስበው ነበር። እናቴ ግን ሌላ ነገር ታስባለች።

«መስክ?» ትላለች ሽንኩርት እየከተፈች። «በቅዳሜ? ዕቃው ያለው መጋዘን ነው፤ መጋዘኑ ያለው ቢቸና። የንብረት ክፍል ሰው ምን መስክ አለው?»

አባዬ ዝም ይላል። ዝምታ ድሮም ልማዱ ስለሆነ የዛሬውን ዝምታ ከትናንቱ መለየት ለእኔ ከባድ ነበር። እናቴ ግን ለየችው።

አንድ ቅዳሜ ሲመለስ ጃኬቱን ተቀብላ ልትሰቅልለት ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ። እጅጌው ላይ ነጭ ዱቄት አለ። በጣቷ ጠርጋ አሸተተችው። ከዚያ እኔን ወደ ጓዳ ጠርታ ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ምን ምን ይላል?»

«ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይላል።»

«ያ ያንቺው ሽታ ነው» አለችኝ፣ ዩኒፎርሜን እያየች። «ይሄ የሴት ፓውደር ነው።»

አላመንኳትም። ግን እናቴ ነገር ስትጠረጥር ፊቷ የሚያውቅ ሰው ፊት ይሆናል፤ እኔም ቀስ በቀስ አፍንጫዬን ትቼ ፊቷን ማመን ጀመርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ሄጄ ጃኬቱን አሸተትኩት። ፓውደር ፓውደር አለኝ።

ዓርብ ምሳ ላይ እናቴ ድንገት «ነገ ልጅህን ይዘሃት ሂድ» አለችው። «ከቢቸና ወጥታ አታውቅም።»

«መንገዱ አቧራ ነው» አለ አባዬ።

«አቧራ ይለመዳል።»

አባዬ እኔን አየኝ፣ እሷን አያት፣ ከዚያ የያዘውን ጉርሻ ዋጠ። ሌላ ምክንያት ለማምጣት የሚችል ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ አስጠርታ ትእዛዜን ሰጠችኝ። የእናቴ አባት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ፣ ክረምት ክረምት ዳዊት በቃሌ ያስይዙኝ ነበር። ግእዙ አይገባኝም፤ ግን አንድ ጊዜ የሰማሁትን ሳላዛንፍ እመልሳለሁ። ሳይገባኝ መያዝ ሥራዬ ነበር። እናቴም የፈለገችው ይህንኑ ነው።

«የሚባለውን ሁሉ እንዳለ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ» አለችኝ ጨርቅ እየለካች። «የዕቃና የቁጥር ወሬ አልፈልግም፤ እሱን እዚህም ሲያወራ ይውላል። የሰው የሰውን ብቻ። የሚሰጡሽንም እንዳትበዪ።»

አውቶቡሱ ውስጥ አባዬ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፣ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይነሳሉ ይወድቃሉ። ጸሎት መሰለኝ። አንድ ሰው እንዲህ አጥብቆ የሚጸልየው ኃጢአት ሊሠራ ሲሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ስንቆም ቆሎ ገዛልኝ፤ ራሱ አልበላም።

ሞጣ ከቢቸና ይልቅ ጫጫታ በዛብኝ። መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያሉ የሰው ክንድ ይይዛሉ። አባዬ እጄን ይዞ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወሰደኝ። አንድ ማዕዘን ላይ ቆመ፤ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የጫማውን አቧራ ጠረገ፣ ጸጉሩን በመዳፉ አስተኛ፣ ወደ ኋላው ተመለከተ። ጫማውን ሲጠርግ፣ ኋላውን ሲያይ፤ ሁለቱንም ያዝኩ።

አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኳ። የከፈተችው ሴት ረዘም ያለች፣ ቡናማ ሻሽ ያሰረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት።

«አበጀ፣ ዛሬም አረፈድክ» አለችው።

አንተ አለችው! ቢቸና ውስጥ ከእናቴና ከእህቶቹ በቀር አባዬን አንተ የምትል ሴት አላውቅም ነበር።

«መኪናው ነው» አለ አባዬ፣ እንደ ጥፋተኛ።

«ይቺስ?»

«ልጄ ናት።»

«ማሻ አላህ። ግቢ የኔ እናት» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ። ትኩስ ዳቦ አመጣችልኝ፤ አንገቴን ነቀነቅኩ። ሻይ አመጣችልኝ፤ ነቀነቅኩ። ቆማ ትንሽ አየችኝና ገብታ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ ይዛ ተመለሰች። አጠገቤ አስቀምጣው ገባች። ልጣጭ ባለው ነገር መድኃኒት አይገባበትም ብዬ ራሴ ላጥኩና በላሁት። በጣም ርቦኝ ነበር።

የበሩ መጋረጃ ወረደ። መስኮቱ ግን ክፍት ነው፤ ከበላዬ ነው ያለው። ድምፃቸው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ብዙው ቁጥር ነበር፤ ይሄ ያህል ሲነሳ፣ ያን ያህል ሲቀር። ያንን እንደታዘዝኩት እየጣልኩ የሰው የሰውን ለቀምኩ።

ማታ እናቴ ሱቁን ቀድማ ዘጋች። ጨርቅ መሐል አስቀምጣኝ «እህ?» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ዳዊት አወረድኩት።

«‹እንግዳው ማነው?› አለችው። ‹አይታወቅም› አለ። ‹ገና አይታወቅም፤ ግን እናወጣዋለን› አለች።»

«የምን እንግዳ?»

«አልታወቀም።» ቀጠልኩ። «‹እንግዳው ብቻውን እስኪቀር ድረስ አብረውት ያሉትን አንድ በአንድ አስወጣቸው› አለች።»

እናቴ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«‹በዚህ በኩል ያደረግኸውን በዚያኛውም በኩል ካላደረግህ እኩል አይሆኑም፤ አንዱን ታደላለህ› አለች። አባዬ ‹ይከብደኛል› አላት። ‹አብሽር፣ ትለምደዋለህ› አለችው።»

እናቴ የጨርቁ ጥቅል ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«በዚህ በኩል እኛ ነን» አለች ለራሷ። «በዚያ በኩል እሷ። አብረውት ያሉት እኔና አንቺ ነን። ልጄን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ነው ይሄን የምትለው?»

ለእኔ ግን ነገሩ በሌላ መልክ ነው የገባኝ። እንግዳ የሚባል ሰው እውነት አለ ብዬ አመንኩ። ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ተደብቋል፤ አባዬና ሴትዮዋ ሊያወጡት ይታገላሉ፤ ከእሱ ጋር ብዙ ሰዎች ስላሉ አልወጣ ብሏቸዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሄድ መጀመሪያ የፈለግሁት ጫማ ነው። በሩ ላይ የእሷ ነጠላ ጫማና የአባዬ ጫማ ብቻ። እንግዳው ጫማውን ይዞ ነው የገባው ማለት ነው። ሴትዮዋ እንጨት ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትዞር ተነሳሁና መጋረጃውን በጠርዙ ገለጥኩት። አልጋ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና አለ፣ ግድግዳው ላይ የአንድ ወንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶውን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እንግዳው እሱ ይሆን ብዬ ሮጬ ወደ ምንጣፌ ተመለስኩ። አባዬ የተቀመጠበትን ጎን መጋረጃው ስለከለለው አላየሁትም።

ያን ቀን ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስሟ፤ ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል «ዘሀራ!» ብላ ስትጠራት ሰምቻለሁ። ሁለተኛው፣ ሴትዮዋ ደጋግማ፣ ትንሽም ተቆጥታ የተናገረችው ነው።

«‹ስንት ጊዜ ልንገርህ? ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል። ወደዚህ ከመጣ ያው እንደነበረ አይሆንም፤ ይቀይራል› አለችው።»

እናቴ እጇን አንገቷ ላይ፣ ማተቧ ላይ አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምልክቱን?»

«ምልክቱን።»

«እሱስ ምን አላት?»

«‹አሁን ገባኝ፣ እቀይራለሁ› አላት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እናቴ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። ፎጣውን አትሰጠውም፤ አንገቱን ታያለች። ማተቡ እዚያው አለ። እሱ ጥቁር ክሩን እያረጠበ ይታጠባል፣ እሷ ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ምንም» አለችው፤ እሷም እንደሱ ዝም ማለት ጀምራ ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ሆነ።

የዐቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ወጣ። እናቴ የመኪናው ጡሩምባ እስኪጠፋ ጠብቃ ሱቁን ቆለፈች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ተነሺ፣ በሩን ታሳይኛለሽ» አለችኝ። በሚቀጥለው መኪና ሄድን። ደብረ ወርቅ ላይ ቆሎ ያዞሩብንን ልጆች አላየቻቸውም። እዚያ ስንደርስ አባዬን ምን እንደምታደርገው፣ ወይስ እሱ ምን እንደሚለን፣ ወይስ ሦስታችንም ተመልሰን አንድ ቤት መግባታችን የሚቀር ይሆን፣ አላወቅሁም።

አረንጓዴውን በር አሳየኋት። አላንኳኳችም፤ ገፋችው። በረንዳውን በሁለት እርምጃ አለፈችና መጋረጃውን በአንድ እጇ ገነጠለችው ማለት ይቻላል።

አባዬ የሕፃናት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ፣ ወደ ግድግዳው አንጋጦ ነበር። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ ጠመኔ ይዛ ቆማለች። አባዬ እናቴን ሲያይ ብድግ አለ፤ አግዳሚው ተገለበጠ።

«ደህና ዋላችሁ» አለች እናቴ።

«ይግቡ» አለች ሴትዮዋ ተደናግጣ። «ባለቤቱ ነዎት?»

«እስካሁን ነኝ።»

ሴትዮዋ ወደ አባዬ ዞረች። እናቴም ዞረች። አባዬ የሚያይበት ቦታ ስላጣ እኔን አየኝ።

«መስኩ ይሄ ነው?» አለች እናቴ።

«እናኑ፣ ትምህርት ነው» አለ። «ሒሳብ ነው የምማረው።»

«አልነገርካትም?» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋ ከእናቴ ብሶ። «ሚስቴ ታውቃለች አላልከኝም? እኔ ባሌ ሞቶ ብቻዬን የምኖር፣ ከደሴ ድረስ መጥቼ የማስተምር ሴት ነኝ። ሚስቱ ታውቃለች ብዬ አይደል በሬን የከፈትኩልህ?» ሄዳ የመስኮቱን መዝጊያ እስከ ጥግ ከፈተችው፤ በሩንም በርግዳ ድንጋይ አስደገፈችው። ጎረቤቱ ሁሉ ይይ የምትል ትመስል ነበር።

እናቴ አልተረታችም። «ሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው» አለች። «ሰው ሊሰውር የፈለገ ሰሌዳም ይሰቅላል።» ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ሴትዮዋ ጠመኔውን ሰጠቻት። እናቴ በእጇ መዳፍ የነበረውን ጠረገችና በጉልህ ጻፈች፦

5x − 8 = 2x + 7

እናቴ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ከጥምቀት ጀምሮ ተምረህ ከሆነ ሥራው» አለችው።

አባዬ ጠመኔውን ተቀበለ። ግንባሩን አልቦታል። ሁለቱን ኤክስ ከዚያ ወስዶ ከአምስቱ ላይ ቀነሰ፤ ሦስት ቀረ። ይህን በትክክል አደረገው። ከዚያ ስምንቱን አነሳና ወደ ሰባቱ ዘንድ አሻገረው፤ ከነመቀነሱ። ሰባት ሲቀነስ ስምንት ብሎ ጻፈ። ቆመ። የሚያወጣው ቁጥር ከዜሮ በታች ወረደበት፤ ለሦስት ሲያካፍለው ደግሞ አልካፈል አለ። አንገቱን አዘነበለ፣ ጻፈ፣ በእጅጌው አጠፋ፣ መልሶ ያንኑ ጻፈ። እጅጌው ነጭ ሆነ።

እኔ ቁጥሩ አልገባኝም። ግን ያቺ ስምንት ያለችበትን ትታ ወደ ሌላው በኩል ስትሄድ አይቻለሁ። የያዝኩት ሳላውቀው ከአፌ ወጣ።

«አባዬ! ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። መምህርት ዘሀራ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠች። አባዬ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ መቀነሷን በጣቱ አጠፋና መደመር አደረጋት። ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት። ለሦስት ሲካፈል አምስት። ኤክስ እኩል ይሆናል አምስት ብሎ ጻፈና ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ።

እናቴ እኔን ነበር የምታየው። ይዤላት የመጣሁት ሁሉ አንድ በአንድ በፊቷ ሲያልፍ አየሁት፤ እንግዳው፣ አብረውት ያሉት፣ በዚህ በኩልና በዚያ በኩል፣ ምልክቱ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀኝም። የወደቀውን አግዳሚ አንስታ ተቀመጠችበት።

«ይሄንን ስሕተት ለማስመሰል የሚሳሳት የለም» አለች፤ ለመምህርቷ ነው የተናገረችው። «እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ እሳሳተው ነበር።»

አባዬ ትንፋሽ ወሰደ። ያለቀለት መስሎት ነበር። ግን እናቴ ቀና አለች።

«ቆይ። አንተ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰህ የለ? አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ይሄን ዛሬ ይማራል?»

መምህርት ዘሀራ ቀስ ብላ ወደ በረንዳው ወጣች።

«አበጀ» አለች እናቴ።

«ስምንተኛ ነኝ» አለ። «ስምንተኛ ላይ አባቴ ሲሞት አቋረጥኩ። መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፤ ሲቀጥሩኝም በስምንተኛ ነው። አሁን አዲስ መዋቅር መጣ፤ የአሥረኛ ክፍል ወረቀት የሌለው ከቦታው ይነሳል ተባለ። በግል ልፈተን ተመዘገብኩ። ሌላውን በንባብ እገፋዋለሁ፤ ሒሳቡ ነው ያቃተኝ። ቢቸና ብማር በማግሥቱ ትሰሚያለሽ።»

«አባቴ፣ ልጄን ከእሷ በትምህርት ላነሰ አልሰጥም ሲሉ አሥራ ሁለተኛ አልካቸው። እኔንም ዋሸኸኝ።»

«የዋሸሁት አባትሽን ነው» አለ አባዬ ወለሉን እያየ። «አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ።»

ወደ ቢቸና ስንመለስ እኔ መሐል ተቀመጥኩ። እናቴ መስኮቱን፣ አባዬ የፊቱን ወንበር ጀርባ ሲያዩ መጡ። ደብረ ወርቅ ላይ ቆሎ ገዝቶ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ አልዞረችም። እጁ ሲዘገይ እኔ ተቀበልኩት።

ሌላ ሴት የለም፤ ነገሩ በዚያ ይበርዳል ብዬ ነበር። ግን ያኔ ነው የባሰው። እናቴ አሁን ሁሉንም ነገር ከሥሩ መመርመር ጀመረች። «ሌላስ?» ትለዋለች ወጥ እየጨለፈች። «ሌላስ ምን አለ?» የትውልድ ቦታህ እውነት ሉማሜ ነው? ደጀን የሠራኸው እውነት ጋራዥ ነው? የሠርጋችን ሰሞን ወባ ያዘኝ ብለህ የተኛኸው እውነት ወባ ነበር? አባዬ ለሁሉም «እውነት ነው» ይላል፤ እሷ ደግሞ ከሉማሜ የመጣ ገበያተኛ ስታገኝ አክስቱን እንዲጠይቅላት ትልካለች። እውነት ሆኖ ሲገኝ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ የባሰ ትተክዛለች። እኔም በተራዬ ተከተልኳት። ትምህርት ቤት አባቴ ሲጋልብ በልጅነቱ ስለወደቀባት በቅሎ አውርቼ ነበር፤ አሁን በቅሎዋ መኖሯን መጠራጠር ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት አባዬ ጓሮ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት መሬት ላይ ይጽፋል። ወደ ሞጣ መሄድ ትቷል፤ ፈተናው ግን እየቀረበ ነበር። እናቴ ልብስ ታሰጣለች። አንድ ጊዜ አለፈችው። መልሳ አለፈችው። ሦስተኛ ስታልፍ የታጠበ አንሶላ በትከሻዋ እንደያዘች ቆመች፤ ዓይኗ መሬቱ ላይ ነው። ስታጉረመርም ይሰማኛል። በመጨረሻ አልቻለችም።

«ምልክቱን! ኧረ ምልክቱን!»

አንሶላውን ለእኔ ወርውራ እንጨቱን ከእጁ ነጠቀች።

ከዚያ በኋላ የጓሯችን መሬት ሰሌዳ ሆነ። እናቴ የዋህ አስተማሪ አልነበረችም። አባዬ ልማድ ሆኖበት «እንግዳውን ብቻውን ላስቀረውና...» ሲል «በቤቴ እንግዳ የሚባል አልፈልግም፣ ኤክስ በለው» ትለዋለች። ሲሳሳት በእግሯ ታጠፋበታለች። ትክክል ሲሠራ ደግሞ ትጠረጥራለች፤ «ማን ነገረህ?» ብላ ቁጥሩን ቀይራ ታሠራዋለች። እኔም አጠገባቸው እየተቀመጥኩ፣ በጆሮዬ ብቻ የገባውን አሁን በዓይኔ አየሁት። የጣልኳቸው ቁጥሮች ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ያ ሁሉ የሚያስፈራ ወሬ ሰላማዊ ነገር ሆነ። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የሚጠብቀኝን ትምህርት እዚያ ጓሮ ውስጥ፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች መሐል ነው የተማርኩት።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ከአባዬ ጋር አንድ ጊዜ ሞጣ ሄደች፤ እኔንም አስከተለችኝ። ከሱቋ ጥሩ የተባለውን ጨርቅ ቆርጣ ይዛለች። አረንጓዴው በር ላይ አንኳኩታ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች መምህርት ዘሀራ።

«ሻሽ ይሆንሽ እንደሆነ ብዬ ነው።»

መምህርቷ ጨርቁን ዘርግታ አየችው፣ አጠፈችው፣ አሁንም ፊቷ አልተፈታም። «እንግዲያ ተቀምጠሽ ሻይ ጠጪልኝ» አለቻት። እናቴ ተቀምጣ ጠጣች። ዳቦም ቆረሰች። እያየችኝ ስለነበር እኔም በላሁ።

አባዬ በግንቦት ሞጣ ተፈተነ። ሲመለስ እናቴ ጃኬቱን ገና ሳያወልቅ ሱቁ ውስጥ አስቀምጣው «ምን ምን መጣ?» አለችው። የሚያስታውሰውን ነገራት፤ እሷ ጨርቅ በምትለካበት ጠረጴዛ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ እየሠራች መልሷን ከመልሱ አስተያየች። እውነት ፈተናው ላይ እንደነበረ ለማወቅ ይሁን ያልፋል አያልፍም ለማለት፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤቱ መጣ። ሒሳቡን ለጥቂት አለፈው፤ ከቦታውም አልተነሳም።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን አያቴ መሪጌታ ሊጠይቁን መጡ። ተበልቶ አበቃ። እናቴ ቆማ እጃቸውን ታስታጥባቸዋለች፤ እኔ መታጠቢያውን ይዣለሁ፤ አባዬ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«አንድ የሞጣ ተማሪ መጥቶብኝ ነበር» አሉ አያቴ እጃቸውን እያሹ። «አበጀን በግንቦት ከአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲወጣ አየሁት ብሎኝ። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል አልኩ።»

አባዬ አቀረቀረ። እኔ ውኃውን አየሁ። ከማንቆርቆሪያው የሚወርደው ቀጭን ውኃ አልተቋረጠም፣ አልተንቀጠቀጠም።

«ፈታኝ ሆኖ ነዋ አባባ» አለች እናቴ። «ተፈታኝ ብሎ ነው የነገረዎት?»

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ውሸት ስታሳድድ የከረመች ሴት፣ ለገዛ አባቷ፣ እጃቸውን እያስታጠበች፣ እንዲህ ለስላሳ አድርጋ ዋሸች። ከአባዬ እጅግ ትበልጠው ነበር። ሌላስ ምን ብላን ይሆን የሚል ሐሳብ ያኔ መጣብኝ፤ ጠርዙ በእጄ ያለውን መታጠቢያ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

አያቴ እርጥብ እጃቸውን አየር ላይ እንደዘረጉ ቆዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዴት እንደሚይዝ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ፈታኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ተፈታኝ።» ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ። «እንግዲህ አበጀ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ይህ ለተናዘዘ ሰው የሚባል ነው። ምርቃት ይሁን ቀልድ፣ ያውቁ ይሁን አያውቁ ከፊታቸው ላይ ላነብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ አባቷን አየቻቸው።

«አሜን» አለ አባዬ፣ ማንም ሳይቀድመው።